መጎብኘት ማለት ምን ማለት ነው?
ወደ ላሊበላ ለሚሄዱ ቤተ ሰቦች የተጻፈ

ሰው ከቤቱ ወጥቶ ሌላ ስፍራ ለማየት የሚመኝ ፍጥረት ነው። አንዱ ለንግድ ይሄዳል፤ አንዱ ለትምህርት ይሄዳል፤ አንዱ ሥጋውን ለማሳረፍ፥ አንዱም ነፍሱን ለማሳረፍ ይሄዳል። በአውሮፓ፥ በእስፓንያ የባሕር ዳርቻ፥ ዕረፍት ፈላጊዎችን በመቀበል ስማቸው የገነነ ከተሞች አሉ። ከእነዚህ አንዷ ሳን ሴባስቲያን ናት፤ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ንግሥት ማሪያ ክሪስቲና የሙቀቱን ወራት ከነባለሟሎቿ በዚያ ታሳልፍ ስለ ነበር፥ መኳንንቱና ባለጸጎቹ እርሷን ተከትለው ይጎርፉባት ነበር። ሌላይቱ ቤኒዶርም ደግሞ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች፤ ዛሬ ግን ረጃጅም ፎቆች የተደረደሩባት፥ የባሕር አየር ለመቀበል በሚመጣ ሕዝብ የተጨናነቀች ከተማ ሆናለች።

የእኛ ሰው ግን ዕረፍት ሲፈልግ ወደ ባሕር ዳር መውረድን ሳይሆን ወደ ተራራ መውጣትን ለምዷል። አባቶቻችን አዝነው የሚጽናኑበትን፥ ስእለት ተስለው የሚያደርሱበትን ቦታ በደጋው ላይ ሠርተውለታልና። ከእነዚህ ቦታዎች አንዱና ዋነኛው በሰሜን ወሎ፥ በላስታ ደጋ፥ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ፥ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚገኘው ላሊበላ ነው። ወደዚህ ቦታ ከሩቅም ከቅርብም፥ በአይሮፕላንም በእግርም ብዙ ሰው ይመጣል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የፈለግነው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ወደዚያ የሚሄድ ክርስቲያን ቤተ ሰብ ምን ቢያደርግ ነው «ጎበኘ» ለመባል የሚበቃው?

የቃሉ ትርጉም

በአማርኛችን «ጎበኘ» የሚለው ቃል አዲስ አገር ላየ ሰው ብቻ የሚነገር አይደለም። ጎረቤት ታሞ ሲተኛ ሄደን ሁኔታውን ብናይ ጎበኘነው እንባላለን። እግዚአብሔር ሕዝቡን በምሕረት ሲመለከት «ጎበኛቸው» እንላለን። በግእዝም «ሐወጸ» የሚለው ግስ መመልከትንና መጎብኘትን በአንድነት የያዘ ነው። ጌታችንም በመጨረሻው ቀን ከሚጠይቀን ምግባራት አንዱ የታመመውን መጎብኘት መሆኑን ከወንጌል እንሰማለን። እንግዲህ መጎብኘት ማለት ዐይንን ማጥገብ ብቻ ሳይሆን፥ የተጎበኘውን ደኅንነት መጠየቅና የጎደለውን መሙላት ነው።

ይህን ትርጉም ይዘን ወደ ላሊበላ ስንሄድ፥ በዚያ የሚጎበኝ ሁለት ነገር እናገኛለን፤ አንደኛው የጥንቱ ድንጋይ ነው፤ ሁለተኛውም በድንጋዩ ዙሪያ የሚኖረው ሕዝብ ነው። ሁለቱም የታመሙበት ጊዜ አለ፤ ሕመማቸውም እስከ ዛሬ ፈጽሞ አልለቀቃቸውም።

ከላይ ወደ ታች የተሠራው ቤት

የቦታው የጥንት ስም ሮሐ ነው። ከዛጔ ነገሥታት አንዱ የሆነው ቅዱስ ላሊበላ በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ነገሠ። ሲወለድ ንቦች እንደ ከበቡትና ስሙም ከዚህ የተነሣ እንደ ወጣለት፥ አብያተ ክርስቲያናቱንም ሲያንጽ መላእክት ይራዱት እንደ ነበር በገድሉ ተጽፎ ይገኛል። አብያተ ክርስቲያናቱ በቍጥር 11 ናቸው። ቤተ መድኃኔ ዓለም፥ ቤተ ማርያም፥ ቤተ መስቀል፥ ቤተ ደናግል፥ ቤተ ሚካኤልና ቤተ ጎልጎታ በአንድ ወገን ይገኛሉ፤ ቤተ አማኑኤል፥ ቤተ መርቆሬዎስ፥ ቤተ አባ ሊባኖስ፥ ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል በሌላው ወገን ናቸው፤ ቤተ ጊዮርጊስ ደግሞ ብቻውን ተለይቶ በመስቀል ቅርጽ ቆሟል። በሁለቱ ወገኖች መካከል የሚወርደው ወንዝ ዮርዳኖስ ይባላል። ጎልጎታና ዮርዳኖስ የሚሉት ስሞች ከኢየሩሳሌም መጥተው በላስታ የተተከሉት፥ ወደ ቅድስት አገር ለመሄድ አቅም ያጣ ምእመን በአገሩ እንዲሳለም ነው ብለው አባቶች ያስተምራሉ።

የአሠራሩ ጥበብ ልጆቻችን ጠንቅቀው ሊያውቁት የሚገባ ነው። ቤት የሚሠራ ሰው ከመሠረት ተነሥቶ ወደ ጣሪያ ይወጣል። የላሊበላ ጠራቢዎች ግን ከጣሪያ ተነሥተው ወደ መሠረት ወረዱ። አስቀድመው በዐለቱ ዙሪያ ጥልቅ ቦይ ቈፈሩ፤ በመካከል የቀረውን ድንጋይ ከውጭ ጠረቡት፤ ከዚያም በደጅና በመስኮት ገብተው ውስጡን ፈለፈሉ፤ ዓምዱንና ቅስቱን ከዚያው ድንጋይ አስቀሩ። ግንበኛ ያጣመመውን ድንጋይ አንሥቶ ሌላ ሊተካ ይችላል፤ ጠራቢ ግን አንድ ጊዜ የቈረጠውን አይመልሰውም። በዚህ ዓይነት ሥራ ቤተ መድኃኔ ዓለም በርዝመት ከ33 ሜትር፥ በወርድ ከ23 ሜትር በላይ ሆኖ መሠራቱ የአእምሮን ጥልቀትና የእምነትን ትዕግሥት ያሳያል። የዝናቡ ውኃ እንዳይተኛም ጣሪያው ዘቅዘቅ እንዲል፥ የግቢውም ቦይ ውኃውን ወደ ውጭ እንዲያወጣ ተደርጎ ተጠርቧል።

እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እነዚህን አብያተ ክርስቲያናት አይቶ፥ በ1540 በታተመው መጽሐፉ ስለ እነርሱ በሰፊው ጽፏል። ከዚህ አብልጦ ቢጽፍ አንባቢው እንዳያምነው መስጋቱንም ገልጿል። ከእርሱ ወዲህ ብዙ ተጓዦች መጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ1978 የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት በዓለም ቅርስነት መጀመሪያ ከመዘገባቸው 12 ቦታዎች አንዱ ላሊበላ ነው።

የድንጋዩ ሕመም

ድንጋይ ይታመማል ወይ? የሚል ቢኖር፥ መልሱ አዎን ይታመማል ነው። የላሊበላ ዐለት ከጥንት እሳተ ገሞራ የወጣ፥ ቀላ ያለና ለመጥረብ የሚመች ድንጋይ ነው። ለጠራቢው መሣሪያ እሺ ያለው ይህ ጠባዩ ለውኃም እሺ ያሰኘዋል። በክረምት ዝናቡን ይጠጣል፤ በበጋ ፀሐዩ ያደርቀዋል፤ ይህ በየዓመቱ ለስምንት መቶ ዓመታት ያህል ሲመላለስ ዐለቱን ሰነጣጠቀው፤ ቅርጹንም በየቦታው አፈረሰው።

ለመጠገን የተደረገው ሙከራ ሁሉ ደግሞ መድኃኒት አልሆነም። ቀደም ባለው ጊዜ ጣሪያዎቹን ከውኃ ለማዳን ተብሎ ሬንጅና ሲሚንቶ ተቀብተው ነበር፤ ቅባቱ ግን የድንጋዩን መልክ አበላሸ። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ኢጣሊያዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጄሊኒ የመራው ጥገና ይህን ቅባት ከማስወገድ ሥራ ጋር የተያያዘ ነበር። በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ርዳታ በቤተ መድኃኔ ዓለም፥ በቤተ ማርያም፥ በቤተ አማኑኤልና በቤተ አባ ሊባኖስ ላይ ዝናብ የሚከላከሉ ታላላቅ ዳሶች በብረት ምሰሶ ቆሙ። ዳሶቹ ለጊዜው የታሰቡ ነበሩ፤ ይሁን እንጂ ዓመታት ሲያልፉ ካህናቱና የከተማው ነዋሪ ክብደታቸው ቅርሱን እንዳይጎዳ፥ በኃይለኛ ነፋስም እንዳይወድቁ ፈሩ። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያም ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ቅርሳችንን አድኑልን ብሎ ጮኸ። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ኤማኑኤል ማክሮን ቦታውን ጎብኝተው አገራቸው እንደምትረዳ ቃል ገቡ። ከዚያ በፊት፥ እ.ኤ.አ. በ2016፥ የቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ጥገና በዓለም ሐውልቶች ፈንድ ርዳታ ተፈጽሟል።

ከውኃ ሌላ የሰው እጅም አለ። ከቤተ መድኃኔ ዓለም ንዋያተ ቅድሳት አንዱ የሆነው «አፍሮ አይገባ» የሚባለው መስቀል እ.ኤ.አ. በ1997 ተሰረቀ። መስቀሉ ባሕር ተሻግሮ ወደ ቤልጅግ ከሄደ በኋላ እዚያ ተገኝቶ በ2001 ወደ ቦታው ተመለሰ። ሕዝቡም በታላቅ ደስታ ተቀበለው። ሌባው ሊሸጥ የቻለው የሚገዛ ሰው በመኖሩ መሆኑን ግን አንርሳ።

የሕዝቡ ሕመም

በላሊበላ ዙሪያ የሚኖረው ሰው የቅርሱ ጠባቂ ነው። የላስታ ሰዎች በቀይ ድንጋይ እየገነቡ፥ አንዳንዶቹንም ባለ ሁለት ደርብ እያደረጉ የሠሯቸው ክብ ቤቶች በአብያተ ክርስቲያናቱ አጠገብ እስከ ዛሬ ይታያሉ፤ ብዙ ቤተ ሰቦች ግን ለቅርሱ ጥበቃ ሲባል ከዚያ ተነሥተው ወደ ሌላ ሰፈር ሄደዋል። በልደት በዓል ቀናትና ሳምንታት በእግሩ ተጕዞ የሚደርሰውን ሕዝበ ክርስቲያን እግሩን አጥቦ የሚቀበለው ይህ ሕዝብ ነው። ተጓዡ «የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ» ሲል፥ ባለቤቱ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ይግቡ» ይላል። ይህ ቃል በላስታ የአፍ ልማድ ብቻ አይደለም፤ በዚያ ሰሞን በየቤቱ ወለል ላይ የሚያድረው የማያውቁት ሰው ብዛት ምስክር ነው።

በዘመናችን ከሕዝቡ ብዙው ኑሮውን ያደረገው በእንግዳ ላይ ነው። አስጎብኚው፥ በቅሎ የሚያከራየው፥ በሆቴል አልጋ የምታነጥፈው፥ ሸማኔው፥ ማር ሻጯ፥ ሁሉም የሚኖሩት እንግዳ ሲመጣ ነው። እንግዲህ በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ የአይሮፕላኑን መንገድ ዘጋ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ላስታ ደረሰ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ከተማዋ ከአንዱ ተዋጊ እጅ ወደ ሌላው ተመላለሰች። ሰላም ወረደ ተብሎ ጥቂት ሲተነፈስ፥ በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ወር መጨረሻ በከተማዋ ዳግመኛ ውጊያ ሆነ። በእነዚህ ዓመታት የውጭ አገር እንግዳ ጠፋ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ቀነሰ። ሥራ ያጣው አስጎብኚ ልጆቹን የሚያበላው አጣ፤ በቅሎው የተሸጠበትም አለ።

በመጀመሪያ የጠቀስናት እስፓንያ በተቃራኒው ወገን ትታያለች። እ.ኤ.አ. በ2024 ብቻ ከ90 ሚሊዮን በላይ የውጭ እንግዶች ገብተውባታል፤ በባርሴሎናና በሌሎችም ከተሞች ነዋሪው የእንግዳው ብዛት የቤት ኪራይ አስወደደብን፥ ሰፈራችንን አሳጣን ብሎ ሰልፍ ወጣ። ከተማ በእንግዳ ብዛት ሊታመም እንደሚችል ከዚህ እንማራለን፤ በእንግዳ መጥፋትም እንደሚታመም ከላሊበላ እንማራለን። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፤ የውጭው እንግዳ በቀረበት በዚያ ክፉ ጊዜ እንኳ፥ መንገዱ ጥቂት ሲከፈት፥ ነጠላውን ለብሶ ወደ ላሊበላ የመጣው የአገራችን ምእመን ነው። የላሊበላን ደጅ ከመዘጋት ያዳነው ስእለቱ እንጂ የዕረፍት ጊዜው አይደለም። ስለዚህ የአንድ ክርስቲያን ቤተ ሰብ ጉዞ ለከተማዋ ቀላል ነገር አለመሆኑን እንገንዘብ።

ለጉዞ የሚሆን ምክር

ከዚህ በላይ የተናገርነው ፍሬ እንዲኖረው፥ ለመሄድ ላሰቡ ቤተ ሰቦች ጥቂት ነገር እናሳስባለን።

አንደኛ፥ ከመነሣት በፊት የመንገዱን ሰላም ከቦታው ሰዎች መጠየቅ ብልህነት ነው፤ ልጆችን ይዞ በድፍረት መሄድ እምነት አይባልም። ከዚያም ወደ ንስሓ አባት ቀርቦ መማከር፥ ልጆችንም የአብያተ ክርስቲያናቱን ስምና የንጉሡን ታሪክ ማስተማር ይገባል። ስሙን ያወቀ ልጅ ሲደርስ እንደ ዘመድ ቤት ይገባል፤ ሳያውቅ የደረሰ ልጅ ግን ጕድጓድና ድንጋይ ብቻ አይቶ ይመለሳል።

ሁለተኛ፥ ጊዜን መምረጥ ነው። ታኅሣሥ 29 ቀን ካህናቱ በቤተ ማርያም ግቢ ከላይና ከታች ሆነው የሚያቀርቡት የ«ቤዛ ኵሉ» ዝማሬ በዓለም ታውቋል፤ በዚያ ቀን የሚሰበሰበው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነው። ሽማግሌዎችና ሕፃናት ያሉበት ቤተ ሰብ ግን በሌላ ወር ቢሄድ ለራሱም ይመቸዋል፥ ለድንጋዩም ሸክም ያቀልለታል፥ የከተማውም ሰው ገበያ በአንድ ሳምንት ብቻ እንዳይወሰን ይረዳዋል። ሰኔ 12 ቀን የቅዱስ ላሊበላ በዓል ነው። በዓል በሌለበት ተራ እሑድ እንኳ ኪዳኑና ቅዳሴው አይቋረጥም።

ሦስተኛ፥ በቦታው ሥርዓት መመራት ነው። እግዚአብሔር ሙሴን በኮሬብ ጫማውን እንዲያወልቅ እንዳዘዘው፥ በየደጁ ጫማን ማውለቅ፥ ነጠላን መስቀልያ ማጣፋት፥ ወንዱም ሴቷም በየበራቸው መግባት የታወቀ ነው። እናቶችና እኅቶች ወደ ቤተ ጎልጎታ እንደማይገቡ አስቀድሞ ማወቅ በደጅ ከማዘን ያድናል። ካህን ሲያገኙ «አባ ይፍቱኝ» ብሎ መስቀል መሳለም ይቀድማል፤ ፎቶግራፍ ማንሣት ከፈቃድ በኋላ ነው። በሚጸልይ ሰው ፊት መብራት ማብለጭለጭ ነውር ነው። በግድግዳ ላይ ስም መጻፍ፥ ለበረከት እያሉ ድንጋዩን መፋቅ ደግሞ ቅርሱን ማፍረስ ነው። እምነት የሚፈልግ ካህኑን ይለምን፤ በራሱ ጥፍር አይቈንጥር።

አራተኛ፥ ገንዘብን በማስተዋል ማውጣት ነው። ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጠው በደረሰኝ ይሰጥ። የቦታውን ታሪክ የሚያውቅ አስጎብኚ መቅጠር፥ በቅሎ መከራየት፥ ማርና የሸማ ሥራ መግዛት በክብር የሚያበላ ምጽዋት ነው። ነገር ግን ጥንታዊ ነው የተባለ የብራና መጽሐፍ ወይም መስቀል በስውር የሚሸጥልን ቢመጣ፥ «አፍሮ አይገባ»ን እናስታውስ፤ ያን ዕቃ የሚገዛ ሁሉ ከሰረቀው ጋር ተባባሪ ነው። በመንገድ ለሚከተሉ ሕፃናትም ሳንቲም መበተን ርኅራኄ መስሎ ይታያል፤ ዳሩ ግን ሕፃኑ በአንድ ቀን ልመና ያገኘው ከትምህርት ቤት ከሚያገኘው እንደሚበልጥ ከተማረ፥ በማግሥቱ ወደ ክፍሉ አይመለስም። ደብተርና እርሳስ ገዝቶ ለመምህራኑ መስጠት ይሻላል።

አምስተኛ፥ ከከተማው ወጣ ማለት ነው። በዋሻ ውስጥ በእንጨትና በድንጋይ የታነጸው ይምርሐነ ክርስቶስ፥ ከከተማው በላይ በተራራው ላይ ያለችው አሸተን ማርያም፥ ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ውኃ በድንጋይ ገንዳ ተጠራቅሞ ለጠበል የሚሰጥበት ነአኵቶ ለአብ፥ በንጉሥ ይኵኖ አምላክ ዘመን እንደ ተፈለፈለች የሚነገርላት ገነተ ማርያም፥ ሁሉም በዚያው በላስታ ናቸው። ወደ እነዚህ የሚሄድ እንግዳ ጥቂት ስለ ሆነ፥ የጥቂቱ እንግዳ መምጣት ለገጠሩ ካህንና ገበሬ ብዙ ይጠቅማል።

ስድስተኛና የመጨረሻው፥ ሰውን መጠየቅ ነው። ባረፍንበት ቤት ያለችውን እናት «እሜቴ፥ እነዚያን ዓመታት እንዴት አለፋችኋቸው?» ብለን ብንጠይቅ፥ ካህኑንም ጣሪያው በዚህ ክረምት ውኃ አስገብቶ እንደ ሆነ ብንጠይቅ፥ የሰማነውንም ይዘን ተመልሰን በሰበካ ጉባኤያችንና በሰንበት ትምህርት ቤታችን ብንናገር፥ ርዳታ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ብዙ ማኅበራት ለአንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ያደረሱት አንድ ሰው ሄዶ አይቶ በመንገሩ ነው።

ክቡራን አንባብያን፤ ሕመምተኛ ጎብኝቶ የተመለሰ ሰው በቤቱ የሚጠየቀው ጥያቄ «ምን አየህ?» የሚል ሳይሆን፥ «እንዴት ሆነ? ተሻለው ወይ? ምን ይፈልጋል?» የሚል ነው። ከላሊበላ ለሚመለሱ ልጆቻችንም ይህንኑ ጥያቄ እንጠይቃቸው። መልስ ካላቸው በእውነት ጎብኝተዋል። የቅዱስ ላሊበላ በረከት በሁላችን ላይ ይደር፤ አሜን።